ትንሽ ሱቅ ለወጣት ፊልም ሠሪዎችና ዘፋኞች ስፖንሰር ሲሆን፦ ክፍያና ውል

ባለሱቅ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የልብስ ሱቅ አለን። በ60,000 ብር የአንድ አጭር ፊልምና የአንድ ዘፈን ስፖንሰር ልንሆን ነው። አከፋፈሉ እንዴት ይሁን? ውሉስ ላይ ምን ይግባ?

የፕሮዳክሽን ሰው፦ እሰየው! ብሩን ግን በአንዴ አትስጡ። 40 በመቶ ውሉ ሲፈረም፣ 30 ቀረጻው ሲያልቅ፣ 30 ደግሞ የመጨረሻው ፋይል ሲገባ ይከፈል። አዲስ ሠሪዎችን የሚጥላቸው ድምፅ ነው። ከሩቅ በካሜራው ማይክ የተቀዳ ንግግር በኤዲቲንግ አይድንም፤ የደረት ማይክ ኪራይ ለብቻው ይያዝ። ሱቁ ውስጥ ከቀረጹ የመብራት ኃይላችን 50 ኸርዝ (በሴኮንድ 50 ዙር) ስለሆነ ካሜራው በሴኮንድ 25 ፍሬም (ምስል)፣ ሸተሩም፣ ማለትም እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ፣ 1/50 ሴኮንድ ይሁን፤ አለዚያ ምስሉ ላይ ጥላ እየተንከባለለ ያልፋል። ሎጎው መጨረሻ ላይ 3 ሴኮንድ ይበቃዋል። እባካችሁ በየትዕይንቱ ቲሸርታችን ይታይ አትበሉ፤ የልጆቹን ፊልም ማስታወቂያ ታደርጉታላችሁ።

የውል አማካሪ፦ ስፖንሰር መሆንና ሥራ ማዘዝ ይለያያሉ፤ ውሉ የትኛው እንደሆነ በግልጽ ይናገር። የቅጂ መብት አዋጁ ቁጥር 410/1996 ነው። «መብቱ የሠሪዎቹ ነው፤ ሱቁ ለ2 ዓመት በገጾቹ ያሳያል» ብላችሁ በጽሑፍ አስፍሩ። የዜማ፣ የግጥምና የቅንብር ባለቤቶች ሁሉ ይፈርሙ። አቀናባሪው ከተረሳ ጭቅጭቁ የሚነሳው ዘፈኑ ሲወደድ ነው።

የስቱዲዮ ሰው፦ ለዘፈን 40 በመቶው ያንሳል፤ ስቱዲዮ ቀድሞ ስለሚከፈል ግማሹን ስጡ። ቢቱ (ዘፋኙ የሚዘፍንበት የተዘጋጀ ሙዚቃ) ከኢንተርኔት የተገዛ ከሆነ ፈቃዱን ጠይቁ። ያው ቢት ለብዙ ሰው ስለሚሸጥ ዩቲዩብ ላይ የባለቤትነት ጥያቄ ሊመጣበት ይችላል። ስትረከቡም ኤምፒ3 ብቻ አትቀበሉ፤ ጥራቱ ያልተቀነሰ 24 ቢት ዋቭ (WAV) ፋይል፣ የዘፋኙ ድምፅና ሙዚቃው ተለያይቶ ይሰጣችሁ።