ቶርኖ ወይስ ሎጂክ?

ሐሙስ ማታ ግሩፓችን ውስጥ አንድ ጥያቄ ተወረወረና እስከ እኩለ ሌሊት አላስተኛንም። ግሩፑ ውስጥ የፖሊ (የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኢንጂነሪንግ ግቢ) ምሩቃን አሉ፣ ጥቂት የፔዳ (ድሮ መምህራን ማሠልጠኛ የነበረው ግቢ) ሰዎች አሉ፣ ማሽን ሲያስቸግረን የምንደውልላቸው የባሕር ዳር ባለሙያዎችም አሉ። ስቲከሩንና ስድቡን ቆርጬ የቀረውን አስቀምጫለሁ። ቅንፍ ውስጥ ያለው የኔ የአድሚኑ ነው።

ደንገል፦ ጥያቄዬ ቀላል ነው። የኢንጂነሪንግ ተማሪ አንደኛ ዓመት ላይ የሚወስዳቸው ሎጂክ፣ አንትሮፖሎጂ ምናምን ይቅሩና ሰዓቱ ለወርክሾፕ ይሰጥ። ትስማማላችሁ? እኔ ተመርቄ ስወጣ ብረት አሽከርክሮ የሚቀርጸው ማሽን፣ ቶርኖ ላይ ቆሜ አንድ ፒን እንኳ ጠርቤ አላውቅም ነበር። ፖሊ እኮ እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየቶች እርዳታ ሲቆም ብረት፣ እንጨት፣ ጨርቃ ጨርቅ፣ ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ቴክኒሻን ሊያወጣ ነው። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው እዚሁ ደጃችን ነበር። አሁን ግን የፋላሲ፣ የተሳሳተ ክርክር ዓይነቶችን በቃላችን እንወጣለን፤ ብሎን በየት በኩል እንደሚጠብቅ ደግሞ እንከራከራለን።

ዋይፋይ ፈላጊ፦ እደግፋለሁ። ሥራ ስቀጠር ስለ ሶቅራጥስ የጠየቀኝ የለም። መጀመሪያ ኤግዚት ኤግዛም፣ ከዚያ ሲቪ፣ ከዚያ ጥበቃ። ፍልስፍና የጠገበ ሀገር ነገር ነው።

ፔዳ ማዶ፦ ልጆች፣ ያንን ኮርስ ካስተማሩት አንዷ እኔ ነኝ። ድንጋይ ያለው ይወርውር። ደንገል ካለው ግማሹ እውነት ነው። አዳራሽ ሙሉ ልጅ፣ አንድ ማይክ፣ ምሳሌው ሁሉ ከሰው ሀገር የመጣ። "መምህርት፣ ይሄ ለፈተና ይወጣል?" ከሚለው ውጪ ጥያቄ የሰማሁበት ቀን ትንሽ ነው። ግን ወጡ ጨው በዛበት ተብሎ ምግብ አይተውም።

ደንገል፦ እሺ መምህርት፣ ጨው ባይበዛበትስ? አንድ የሚጨበጥ ነገር ይንገሩኝ።

ፔዳ ማዶ፦ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አጠገብ የወደቀውን አውሮፕላናችንን አስበው። 157 ሰው። ኤምካስ የሚሉት ሶፍትዌር የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች የሚጫነው ከአንድ ሴንሰር ብቻ በሚያገኘው መረጃ ነበር። አምስት ወር በማይሞላ ጊዜ በፊት የኢንዶኔዥያው እስኪወድቅ ድረስ አብራሪዎች እንዲህ ያለ ነገር መኖሩ እንኳ አልተነገራቸውም። እንግዲህ "ለአብራሪው ይነገረው ወይስ ይቅር" የሚለው ጥያቄ የትኛው ፎርሙላ ውስጥ ነው ያለው?

ባለ ተርባይን፦ ይቅርታ መምህርት፣ ይሄ ፍልስፍና አይደለም። ተራ የምህንድስና ጥፋት ነው። አውሮፕላኑ ላይ ሁለት ሴንሰር ነበር፣ ሶፍትዌሩ ግን የሚያነበው አንዱን ብቻ ነው። አንዱ ሲሳሳት ሌላው እንዲያጋልጠው ማድረግ እኛም ክላስ ውስጥ የተማርነው ነገር ነው። ያንን በደንብ የተማረ ሰው ካንት የሚሉት ፈላስፋ አያስፈልገውም።

ፔዳ ማዶ፦ የሠሩት ሰዎች ይህን ሳይማሩ ቀርተው ነው? አውሮፕላኑ ከድሮው ብዙ አይለይም፣ አብራሪውም ሲሙሌተር ላይ እንደገና መሠልጠን አያስፈልገውም ብሎ ለመሸጥ ነው ሩጫው። የሚያውቅ ሰው አፉን ምን ያዘው ነው የምልህ።

ባለ ተርባይን፦ አፍ የሚይዘው እንጀራ ነው። እንጀራን ደግሞ ሎጂክ አይፈታውም።

(እዚህ ጋ ግሩፑ በሳቅ ተሞላ። መምህርት ራሷ ሳቀች። ነጥቡ ግን እስከ መጨረሻው መልስ አላገኘም፤ ለኔ የሌሊቱ ከባዱ ዓረፍተ ነገር እሱ ነበር።)

ቶርኖ ቤት፦ እኔ ዩኒቨርሲቲ በር ላይ እንጂ ውስጥ አልገባሁም። ግን የናንተን ድሮዊንግ ስቆርጥ ዓመታት አለፉኝ። ግንቦት በመጣ ቁጥር ፕሮጀክት የያዘ ልጅ ደጄ ላይ ይሰለፋል። ባለፈው አንዱ የመኖ መቁረጫ ይዞ መጣ፣ ለከብት ገለባ የሚከታትፍ። ስዕሉ በኮምፒውተር የተሠራ ነው፣ ሲያምር! ገለባው የሚገባበት በር አለው፣ በሩ ማጠፊያ አለው፣ ማጠፊያው ፒን አለው። ፒኑ ላይ ፕላስ ማይነስ 0.01 ሚሊሜትር ተጽፏል፣ ልኩ ከዚህ በላይ እንዳይዛነፍ ማለት ነው። የማጠፊያ ፒን እኮ ነው! የኔ መለኪያ፣ ካሊፐሩ ራሱ የሚያነበው እስከ 0.02 ነው። "ልጄ፣ ይሄን ያህል ለምን አስፈለገህ?" አልኩት። "ሶፍትዌሩ ነው ያወጣው ጋሼ" አለኝ። ደግሜ ጠየቅሁት። ስልኩን አውጥቶ ጓደኛው ጋ ደወለ። ጓደኛውም አላወቀም። በአይኔ ልክ ሠራሁለት፣ ማሽኑም ሠራ። ኤ አገኘበት አሉ።

ደንገል፦ ጋሼ፣ ያ ልጅ እርስዎ ጋ አንድ ወር ቢቆም ኖሮ 0.01 ምን ማለት እንደሆነ እጁ ይነግረው ነበር። የኔን ሐሳብ ነው የደገፉት።

ፔዳ ማዶ፦ የኔንም ነው። "ለምን አስፈለገህ" ብለው ነው የጠየቁት።

ቶርኖ ቤት፦ እኔ ማንንም አልደገፍኩም። ስለ ፒን ነው ያወራሁት።

ባለጀልባው፦ እናንተ ስለ ክላስ ታወራላችሁ፣ እኔ ስለ ሐይቁ ልናገር። እምቦጭ ጣና ላይ መግባቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ከታወቀ ወዲህ ያልተሞከረ ነገር የለም። አንድ ጊዜ ማጨጃ የሠሩ ልጆችን ወደ ፎገራ በኩል ይዣቸው ሄድኩ። ከየት እንደመጡ ይቅር። ማሽናቸው ጎበዝ ነው፣ ይቆርጣል፣ ይጎትታል፣ ዳር ያወጣል። ቪዲዮ ተቀረጸ። ዳር ላይ የቆሙ አንድ አባት ዝም ብለው ሲያዩ ቆዩና "ልጆቼ፣ ይሄን ያወጣችሁትን የት ልታደርጉት ነው?" አሉ። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። የተከመረው እሳቸው ከብት የሚያሰማሩበት ቦታ ላይ ነው። እምቦጭ 95 በመቶ ገደማው ውሃ ነው፣ የምትጎትተው ውሃ ነው ማለት ነው። ዘሩ ደግሞ ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመት አድፍጦ ይቆያል። ማታ ነፋሱ ዞረ። ጠዋት ስንነሳ የጸዳው ቦታ እንደገና አረንጓዴ ነው።

ባለ ተርባይን፦ ይሄ ሲስተምስ ኢንጂነሪንግ ይባላል። ዲዛይን ሲደረግ ከመነሻ እስከ መጨረሻ ማየት።

ባለጀልባው፦ ለሁሉም ነገር ስም አላችሁ እናንተ። ሽማግሌው ስም የላቸውም፣ ጥያቄ ግን ነበራቸው።

ፔዳ ማዶ፦ አያችሁ፣ እኔ ልደርስበት ያቃተኝን ባለጀልባው ደረሰበት። የአሜሪካ ብሔራዊ የምህንድስና አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው ሪፖርት ቴክኖሎጂን ማወቅ ሦስት መልክ አለው ይላል። አንዱ ዕውቀት ነው። ሁለተኛው የማሰብና የመወሰን ልማድ ነው፣ "ጥቅሙ ለማን ነው፣ ጉዳቱስ" ብሎ መጠየቅ ማለት ነው። ሦስተኛው ችሎታ ነው። ይሄን የሚለው ስለ ኢንጂነር ብቻ አይደለም፣ ስለ ማንኛውም ዜጋ ነው። እኛ ግን ሦስቱን ለተለያየ ሰው አከፋፈልናቸው። ዕውቀቱን ለተማሪው ሰጠነው፣ እጁ ቶርኖ ቤት ቀረ፣ ጥያቄው ፎገራ ዳር ላይ ቆሞ ከብት ይጠብቃል።

ዋይፋይ ፈላጊ፦ ታዲያ የሶሻል ሳይንስ ተማሪዎቹም ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ የሚባል ኮርስ ይማራሉ አይደል? ፍትሐዊ ነው።

ፔዳ ማዶ፦ እሱን አታንሳብኝ። በኢንተርኔት የሚገናኙ ዕቃዎች የሚባለውን፣ የአይኦቲን ትርጉም በቃሏ የምትወጣ ልጅ አውቃለሁ፤ ቤቷ ቆጣሪው ሲዘጋ ግን ጎረቤት ትጠራለች። ቴክኖሎጂ ሲባል ስክሪን ያለው ነገር ብቻ ይመስለናል። ደንገል፣ አንተ ራስህ ስምህን ያወጣኸው ከሐይቁ ሣር ነው። የደንገል ታንኳን ቴክኖሎጂ ብለህ ጠርተህ ታውቃለህ?

ደንገል፦ እውነት ለመናገር አላውቅም።

ባለጀልባው፦ የሐይቁ ዳር ሰዎች፣ ወይጦዎቹ ሲሠሩት ቁጭ ብለህ እየው። ደንገሉ ታጭዶ ይደርቃል፣ በእቅፍ በእቅፍ ይታሰራል። ውሃ ስለሚጠጣ ሥራ ሲያበቃ ወደ ዳር ወጥቶ ይደርቃል እንጂ ውሃ ላይ አይተውም። ዕድሜው አጭር ነው፣ ሲያልቅ ግን ቆሻሻ አይሆንም። ያ የፎገራው ሰውዬ ጥያቄ እዚህ ድሮ ተመልሷል።

ባለ ተርባይን፦ በታንኳ 50 ኩንታል ሲሚንቶ ጫንልኝ እስኪ።

ባለጀልባው፦ እሱስ ልክ ነህ። እኔም ሞተር አለኝ።

ጢስ ዓባይ፦ ማታ ማታ ዝም ብዬ ነበር የማነብ። ጡረታ ላይ ያለሁ ሰው ነኝ፣ ያደግሁት ፏፏቴው አጠገብ ነው። የመጀመሪያው ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1964 ሲከፈት 11.4 ሜጋ ዋት ነበር። ፏፏቴው የተሰማው አይመስልም ነበር፣ ጢሱ ልብስ ያረጥባል፣ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የሐይቁን መውጫ የሚቆጣጠረው የጨረጨራ ግድብ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2001 ሁለተኛው ማመንጫ ተጨመረ፣ 73 ሜጋ ዋት። ከዚያ ፏፏቴው ከክረምት ውጪ ክር ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ ጣና በለስ ተከፈተ፣ 460 ሜጋ ዋት፣ ውሃው በዋሻ አድርጎ ወደ በለስ ይሄዳል። እኔ መሐንዲሶቹ ተሳሳቱ አልልም። ሒሳቡ ልክ ነው። ሜጋ ዋቱን በቁጥር ትነግረኛለህ። ጢሱንስ በምን ትነግረኛለህ? እሱን ነው ልጆቹ እንዲማሩ የምፈልገው።

ባለ ተርባይን፦ ጋሼ፣ በአክብሮት ነው የምናገረው። እኔ በኩራዝ ያጠናሁ ልጅ ነኝ። እናቴ በጭስ ዓይኗን አጥታለች ማለት ይቻላል። ጢሱ ለቱሪስት ያምራል፣ መብራቱ ግን ለእናቴ ነው።

ጢስ ዓባይ፦ እግዜር ይስጥልን ልጄ፣ አልተጣላንም። የኔም ቤት መብራት አለው። እንዳልከው ይሁን፣ እናትህ ያሸንፉ። ብቻ የተሸነፈው ማን እንደሆነ ተጽፎ ይቀመጥ። ፎቶ አንሺው ነበር፣ ሸማ የምትሸጠው ልጅ ነበረች፣ ቱሪስት የሚያሻግረው ባለታንኳ ነበር። በናንተ ድሮዊንግ ላይ ለነሱ ቦታ አለው?

(ለትንሽ ጊዜ ማንም አልጻፈም። ባለ ተርባይን "እያሰብኩ ነው" ብሎ ጻፈና አጠፋው። አየሁት።)

ፔዳ ማዶ፦ ሃይደገር የሚባል ጀርመናዊ ፈላስፋ ስለ ራይን ወንዝ ማመንጫ ያነሳው ነገር ከዚህ ጋር

ዋይፋይ ፈላጊ፦ መጣ ጀርመናዊው!

ደንገል፦ መምህርት፣ ዓባይ ቤታችን እያለ ራይን ምን ያደርግልናል? ጋሼ አሁን የተናገሩት ያንን ኮርስ ሙሉ ይበልጣል።

ፔዳ ማዶ፦ ተያዝኩ። እውነታችሁን ነው። ኮርሱ የተበላሸውም በዚህ ነው። በሉ እንዲህ ላድርገው፦ አንደኛ ዓመት ላይ ያለው ሎጂክ ይቅር፣ ለደንገል ሰጠሁት። በምትኩ አምስተኛ ዓመት ላይ ፕሮጀክት ሲቀርብ ከፈታኞቹ ጋር አንድ ከግቢ ውጪ የመጣ ሰው ይቀመጥ። ቶርኖ ቤት፣ ገበሬ፣ ጀልባ ነጂ። ልጁ መልስ ሳይሰጠው አይለፍ።

ዋይፋይ ፈላጊ፦ ጋሼ ቶርኖ ቤት ዲፌንስ ላይ? ባቹ ሙሉ ይደግማል።

ባለ ተርባይን፦ ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ግን ነጥብ ይያዝበታል ወይስ አይያዝበትም? ካልተያዘበት ተማሪው ሻይ አፍልቶ ይሸኛቸዋል። ከተያዘበት ደግሞ ያኛው ሰው ስለ ስትረስ ካልኩሌሽን ምን ያውቃል? በማያውቀው ነገር ልጁን ሊጥለው ነው? ሰዓቱስ? አንድ ነገር ስትጨምሩ አንድ ነገር መቀነስ አለባችሁ። ፍሉይድ ሜካኒክስ ነው የሚቀነሰው?

ደንገል፦ ሎጂኩ ነዋ፣ መምህርት ሰጥታኝ የለ።

ባለ ተርባይን፦ እሱን ለወርክሾፕ ነው የጠየቅከው። አንድ በግ ለሁለት በዓል ታርዳለህ?

ደንገል፦ ተወኝ እስኪ። ወርክሾፑ ውስጥ ይጠየቅ እኮ ነው የምለው። ቶርኖው ላይ ቆሞ "ለምን አስፈለገህ" ቢባል ለሁለቱም ይሆናል። ፍልስፍና በሉት፣ ሌላም በሉት። አዳራሹ ውስጥ ብቻ አትመልሱኝ።

ባለ ተርባይን፦ ማን ይጠይቀው? ወርክሾፕ ያለው አስተማሪ ራሱ ስንቱን ተማሪ ነው የሚጠብቀው?

(ይሄን ማንም አልመለሰም። ሰዓቱ ስድስት ሊሆን ነው፣ መብራትም አንዴ ሄዶ መጥቷል።)

ፔዳ ማዶ፦ ጋሽ ቶርኖ ቤት፣ ያ 0.01 ያለበት ስዕል አሁንም አለ? ሰኞ ክላስ አለኝ።

ቶርኖ ቤት፦ አለ። የድሪል ማሽኑ ሥር አንጥፌው ነው፣ ዘይት ጠጥቷል። ቁጥሩ ግን ይነበባል።