የፍሳሽ መስመር አይግባብን ብለሽ ፈርሚ እያሉኝ ነው፤ ልፈርም?

ጥያቄ፦ የግንፍሌዋ
ጤና ይስጥልኝ። ቤታችን ግንፍሌ ነው፣ ወደ ወንዙ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ። በመንገዳችን አዲስ የውሃና የፍሳሽ መስመር ሊዘረጋ ነው ተብሏል። የሰፈሩ ባለቤቶች ግን አንፈልግም ብለው ፊርማ ይዘው እየዞሩ ነው። ኮብልስቶኑን አዋጥተን ያሠራነው እኛ ነን፣ ቆፍረው ጥለውት ይሄዳሉ ይላሉ። ወጪውንም ፈርተዋል። "ሴፕቲክ ታንካችን ምን ሆነና?" የሚልም አለ። የእኛ እንኳ ዓመት ሳይደፍን ይሞላል። መጣጭ መኪናው በጠባቡ መንገድ ስለማይገባ ረጅም የጎማ ቱቦ ይቀጣጥላሉ፣ ሽታው ሁለት ቀን አይለቅም። መፈረም አልፈልግም። ግን እድር ላይ ፊት ለፊት የምንቀመጥ ሰዎች ነን። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ባለኮብሉ
እኔ በእኛ ሰፈር ፈርሜያለሁ፣ አልጸጸትም። ሆኖም ግንቦት ላይ ቆፈሩ። ድንጋዩን በራችን ላይ ከመሩት፣ ከዚያ ክረምት ገባ። እናቴ ቤተ ክርስቲያን የምትሄደው በሳንቃ ላይ ተደግፋ ነበር። መልሰው ሲደረድሩትም በደንብ ሳይጠቀጥቁት ስለነበር መሃሉ ሰመጠ፣ አሁን ውሃ ያቁራል። ጎረቤቶችሽን አትፍረጂባቸው።

መልስ፦ ቧንቧ ሠሪ
እህቴ፣ ከፊርማው በፊት አንድ ነገር ለኪ። ቤትሽ ከመንገዱ በታች ነው ወይስ በላይ? ፍሳሽ የሚሄደው በራሱ ቁልቁለት ነው። ከተማዋ ራሷ ከእንጦጦ ወደ አቃቂ ታዘቀዝቃለች፣ የቃሊቲ የፍሳሽ ማጣሪያም የተሠራው ለዚያ ነው ታች በኩል። ቤትሽ ከመንገዱ ዝቅ ካለ ግን መስመሩ በርሽ ላይ አልፎም ላይጠቅምሽ ይችላል።
በቀላሉ ይለካል። ግንበኞች የሚይዙት ውሃ የሚያሳይ ቀጭን ጎማ አለ። ውሃ ሙሊበት፣ አንዱን ጫፍ መንገዱ ላይ፣ ሌላውን ሽንት ቤቱ ማንሆል ላይ አቁሚ። ውሃው በሁለቱም ጫፍ እኩል ቁመት ላይ ይቆማል። ከዚያ በሁለቱም ጫፍ ከውሃው ልክ ወደ ታች፣ እስከ መንገዱና እስከ ቧንቧው፣ በሜትር ለኪ፤ ልዩነቱ ቧንቧሽ ከመንገዱ ስንት እንደሚዝቅ ይነግርሻል። ከግቢሽ የሚወጣው ባለ 110 ሚሊሜትር ቧንቧ በሜትር 2 ሴንቲ ያህል መውረድ አለበት፣ ለ15 ሜትር 30 ሴንቲ ማለት ነው። የመንገዱ ቧንቧ ስንት ሜትር እንደሚቀበር መሐንዲሱን ጠይቂ።
ሌላም አለ። የጣሪያ ውሃ ወደ ፍሳሹ እንዳታስገቢ። በክረምት የማንሆል ክዳን ብድግ ብሎ መንገዱ ላይ የሚፈሰው አንዱ በዚህ ነው። አሮጌው ሴፕቲክ ደግሞ ተመጥጦ፣ ታቹ ተሰብሮ፣ በድንጋይና በአፈር ይሞላ። ባዶውን ከተዉት አንድ ቀን ይደረመሳል። ማንንም ሰው ውስጡ አታስገቢ፣ ጋዙ ይገድላል።

መልስ፦ የቀበናዋ እናት
ልጄ፣ "ሴፕቲካችን ምን ሆነ" የሚሉት ሰዎች ዝናብ ሲዘንብ በሌሊት ወደ ወንዙ የሚከፍቱትን ያውቁታል። እኛ በልጅነታችን ልብስ ያጠብንበት ወንዝ ነው። ዛሬ በድልድዩ ስናልፍ ነጠላችንን አፍንጫችን ላይ እናደርጋለን።

መልስ፦ ባለሮቶ
ውሃውን ረስታችሁታል። በፈረቃ ነው የምትጠጡት። ውሃ ሲቋረጥ ቧንቧው ውስጥ ግፊት አይኖርም። ያኔ አሮጌው ቧንቧ ቀዳዳ ካለው በዙሪያው ያለውን እርጥበት ወደ ውስጥ ይስባል። አጠገቡ የሚያፈስ ሴፕቲክ ካለ ምን እንደሚስብ አስቡት። የመጀመሪያውን ውሃ አስፈስሳችሁ ነው ሮቶ የምትሞሉት፣ አይደል?
ፊርማውን አትቅደዱት፣ ጽሑፉን ቀይሩት። "አንፈልግም" ሳይሆን "ከክረምት በፊት ይጠናቀቅ፣ ኮብሉ ተጠቅጥቆ ይመለስ፣ የየቤታችን ማስገቢያ አብሮ ይሠራ" በሉ።

ጠያቂዋ ተመልሳ፦
አመሰግናለሁ። ቅዳሜ ከወንድሜ ጋር ለካን። የፊቱ ሽንት ቤት ቧንቧ ከመንገዱ 60 ሴንቲ ዝቅ ይላል፣ የጓሮው ሰርቪስ 2 ሜትር ከ40። መሐንዲሱ መስመሩ በአንድ ሜትር ተኩል ላይ ይቀበራል አለን። የፊቱ ይወጣል፣ የጓሮው አይወጣም። ለጓሮው በወንዙ ዳር የሚያልፍ መስመር ይኖር እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቀናል። አልፈረምኩም። የባለሮቶን ጽሑፍ ግን ለእድሩ ጸሐፊ ሰጠሁት፣ አንብቦ "ይሄማ ይሻላል" አለ። አጥብቀው ይቃወሙ የነበሩት ጎረቤታችን ደግሞ ቤታቸውን ሊለኩ ጎማውን ተዋሱኝ። እስካሁን አልመለሱም።