«አይዞሽ»፣ «በርቺ»፣ «ያጽናሽ»፦ የትኛው ለማን ይባላል?

ጠያቂ፦
ሰላም ናችሁ? ቃል የምትወዱ ሰዎች ስለሆናችሁ ነው እዚህ ያመጣሁት። በጓደኞቻችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ አንዷ ከሥራ መቀነሷን ጻፈች። ግማሹ «አይዞሽ»፣ ግማሹ «በርቺ»፣ አንዱ ደግሞ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አላት። ይቺን የመጨረሻዋን ያዩ ሁለት ልጆች «ምነው፣ ሰው ሞተባት እንዴ?» ብለው መሳቅ ጀመሩ። ልጁ ግን የጻፈው ከልቡ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ላይ «ጽና» የሚል ቃል ሞልቷል፣ ምን አጠፋሁ ብሎ ተከራከረ። ማን ነው ልክ? ሦስቱ አንድ ናቸው ወይስ እያንዳንዱ የራሱ ቦታ አለው?

ፊደል ወዳድ፦
ሁለቱም ልክ ናቸው፣ የሚያወሩት ግን ስለተለያየ ነገር ነው።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ» ዛሬ በንግግራችን የኀዘን ቃል ሆኗል። ማንም አላወጀውም፣ ግን ሆኗል። ፈተና ለወደቀ ወይም ከሥራ ለተቀነሰ ሰው ሲባል ጆሮ ይደነግጣል። ልጁ ያነበበውም እውነት ነው። በ1954ቱ ትርጉም ኢያሱ 1፥9 ላይ «ጽና፥ አይዞህ» ይላል። እርግጥ ሙሴ ገና መሞቱ ነው፣ ኀዘን የለም አይባልም። ቃሉ የሚያየው ግን ወደ ኋላ ሳይሆን ወደ ፊት ነው፦ ዮርዳኖስን መሻገር አለ፣ ሕዝቡን መምራት አለ። እና እዚያ «ጽና» ማለት እንባህን ጥረግ ሳይሆን ቦታህን አትልቀቅ ነው። እኛ ቃሉን ወስደን ለኀዘን ብቻ አዋልነው።

«በርቺ» የሚስማማው ጀምራ ለያዘችው ነው። ለምታጠና፣ ለምታገለግል፣ ልጅ ለምታሳድግ። ጉልበት እንዳላት አስቀድሞ ያምናል። ለዚህ ነው አቅሟ ለተሟጠጠ ሰው «በርቺ» ሲባል አንዳንዴ ሸክም የሚጨምርባት። በምኗ ትበርታ?

«አይዞሽ» ደግሞ ምንም አይጠይቅም። አድርጊ አይልም፣ ተነሺ አይልም። አጠገብሽ ሰው አለ ነው የሚለው። እኔ ብሆን ከሥራ ለተቀነሰችው መጀመሪያ የምጽፈው እሱን ነው። «በርቺ» ሥራ መፈለግ ስትጀምር ይደርሳል።

ግዕዝ ተማሪ፦
ትንሽ ከሥርወ ቃሉ ልጨምር። አጽናና፣ አበረታታ፣ አረጋጋ፣ አነቃቃ፣ አደፋፈረ። እስቲ ጮክ ብላችሁ በሏቸው። ሁሉም ላይ አንድ ፊደል ይደጋገማል። ጸና ብሎ አጽናና፣ ረጋ ብሎ አረጋጋ፣ በረታ ብሎ አበረታታ። በአማርኛ እንዲህ ያለ ድግግሞሽ ብዙ ጊዜ የሚያሳየው ድርጊቱ አንዴ ተደርጎ የሚያልቅ አለመሆኑን ነው። ቆረጠና ቆራረጠ እንደሚባለው። ሰውን ማበረታታት የአንድ ቀን ሥራ እንዳልሆነ ሰዋስዋችን ራሱ የሚያውቀው ይመስለኛል።

ዕብራውያን 3፥13ም እዚሁ ላይ ይገጥማል፦ «በእያንዳንዱ ቀን እርስ በርሳችሁ ተመካከሩ»። እዚያ ያለው የግሪክ ግስ ማጽናናትንም፣ መምከርንም፣ ማበረታታትንም የሚይዝ ሰፊ ቃል ነው። የኛ ተርጓሚዎች «ተመካከሩ»ን መረጡ። እኔ ምርጫውን ወድጄዋለሁ፣ ምክንያቱም መመካከር ሁለት ሰው ይፈልጋል፣ አንዱ ሁልጊዜ አጽናኝ ሌላው ሁልጊዜ ተጽናኝ አይሆንም።

አንድ ነገር ደግሞ። በግዕዝ «ናዘዘ» ማለት አጽናና፣ አረጋጋ ነው። «ናዛዜ ኅዙናን» ሲባል ያዘኑትን የሚያጽናና ማለት ነው። «ተናዘዘ» እና «ኑዛዜ» የሚሉት ቃላትም ከዚሁ ሥር ናቸው። በሆድ ያለውን ማውጣትና መጽናናት ከአንድ ግንድ መብቀላቸው በአጋጣሚ አይመስለኝም።

ተጠራጣሪው፦
ትንታኔው ደስ ይላል፣ ግን ልበጥብጣችሁ። እኔ «አይዞህ» ሰልችቶኛል። ሥራ አጥቼ በተቀመጥኩበት ጊዜ የሰማሁት አይዞህ ቢቆጠር መቁጠሪያ አይበቃውም፣ አንዱም ግን ከልቤ አልደረሰም። ከሁሉ የባሰው «ለበጎ ነው» የሚሉኝ ነበሩ። ገና ምን እንደሆንኩ ሳይሰሙ ለበጎ ነው። ቅስሜ ተሰብሮ ቆሜ አንዷ «ጌታ የተሻለ አዘጋጅቶልሃል» ብላኝ እየሮጠች ሄደች። ምን እንዳዘጋጀ ብትነግረኝ ደስ ይለኝ ነበር። እና ቃሉ ከመደጋገሙ የተነሳ ባዶ ሆኗል ባይ ነኝ።

ፊደል ወዳድ፦
ወንድሜ፣ ክርክርህ ትክክል ነው፣ ጥፋቱ ግን የቃሉ አይመስለኝም። ወንጌል ላይ አይዞህ የሚለውን እየተከተልክ እስቲ አንብብ። ብቻውን አታገኘውም። ሁልጊዜ ኋላው ምክንያት አለ።

ሽባው ሰው ማቴዎስ 9፥2 ላይ «አይዞህ» ተባለ፣ ወዲያው «ኃጢአትህ ተሰረየችልህ» ይከተላል። ደም ይፈስሳት ለነበረችው ሴት «አይዞሽ፤ እምነትሽ አድኖሻል»። ደቀ መዛሙርቱ በማዕበል መሀል ምትሐት ነው ብለው ሲጮኹ «አይዞአችሁ፥ እኔ ነኝ»። እዚህ ላይ ማዕበሉ ገና አልቆመም እኮ። ነፋሱ የተወው ኋላ ታንኳይቱ ውስጥ ሲገቡ ነው። ዮሐንስ 16፥33 ደግሞ «በዓለም ሳላችሁ መከራ አላችሁ» ይላል፣ ከዚያ ነው «አይዞአችሁ፥ እኔ ዓለምን አሸንፌዋለሁ» የሚለው። ይህን ያላቸው ሊያዝ ባለበት በዚያው ሌሊት ነው። መከራ የለም ብሎ አላጽናናቸውም።

እኛ ቆርጠን የጣልነው ይህን ሁለተኛውን ክፍል ነው። «አይዞህ» ብለን ነጥብ እናደርጋለን። ከኋላው «እኔ ነኝ» የሚል የለም። «ነገ እደውልልሃለሁ»፣ «ሲቪህን ላክልኝና አብረን እንየው»፣ «ማክሰኞ ቃለ መጠይቅህ ሰዓት ላይ እጸልያለሁ» የሚል ቢከተል ኖሮ ቃሉ ባዶ ሆነ አትልም ነበር።

ሐዋርያት ሥራ 23፥11ን ደግሞ ልብ በል። ጳውሎስ በወታደሮች ሰፈር ታስሯል፣ ከዚያ በፊት ሰዎቹ ሊቦጫጭቁት ምንም አልቀራቸው። ሌሊት ጌታ አጠገቡ ቆሞ አይዞህ አለው፣ በሮሜም ትመሰክርልኛለህ አለው። በነጋታው ምን ሆነ? ከአርባ የሚበልጡ ሰዎች ሳንገድለው እህል አንቀምስም ብለው ተማማሉ። ከዚያ ቂሣርያ ላይ ሁለት ዓመት እስር፣ ከዚያ መርከብ መስበር፣ ከዚያ ነው ሮሜ። ስለዚህ እዚያ አይዞህ ማለት ነገ ይቀልልሃል ማለት አልነበረም። መንገዱ ላይ አልለይህም ማለት ነው።

የማታ አንባቢ፦
ማርቆስ 10ን ረሳችሁት! እኔ የምወደው እሱን ነው። ዕውሩ በርጤሜዎስ መንገድ ዳር ተቀምጦ ይጮሃል። ሕዝቡ ዝም በል ብሎ ይገሥጸዋል። ኢየሱስ ቆሞ ጥሩት ሲል ያው ሕዝብ ዞሮ «አይዞህ፥ ተነሣ፥ ይጠራሃል» ይለዋል። አፍህን ዝጋ ያሉት ሰዎች እኮ ናቸው አይዞህ ያሉት፣ በደቂቃ ውስጥ። አንዳንዴ እኔ ራሴ ከየትኛው ወገን እንደሆንኩ አላውቅም። ደግሞ ምክንያቱ ላይ ስታዩት «ይጠራሃል» ነው። አንተ ጎበዝ ነህ፣ ትችላለህ አላሉትም። የዛሬ ዘመን ማበረታቻ ሁሉ «ትችላለህ» ነው። እምነት ያለው ሰው ማበረታቻ ግን ከራሱ ከሰውየው ውጭ የሚያርፍበት ነገር አለው፣ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

ግዕዝ ተማሪ፦
«ኃይልን በሚሰጠኝ በክርስቶስ ሁሉን እችላለሁ» እንኳ እንዲያ ነው። ፊልጵስዩስ 4፥13ን ሰው ለፈተናም ለኳስም ይለጥፈዋል። ከላይ ያለውን ቁጥር ካነበባችሁ ግን የሚያወራው መጥገብንም መራብንም ስለ መልመድ ነው፣ የተጻፈውም ከእስር ቤት ነው። «ሁሉን» ሲል ማጣትንም ጨምሮ ነው።

ጠያቂ፦
እና «ለበጎ ነው» ማለት ይቅር እያላችሁ ነው? እናቴ ሳትለው አትውልም።

ፊደል ወዳድ፦
እናትሽ ከኖሩት ይላሉ፣ ያ ሌላ ነው። ሮሜ 8፥28 ላይ «ነገር ሁሉ ለበጎ እንዲደረግ እናውቃለን» ይላል፣ እውነት ነው ብዬ አምናለሁ። ሰዓቱ ግን ወሳኝ ነው። ስለ ራስ ሲባል ምስክርነት ይሆናል፣ ስለ ሌላ ሰው ቁስል በመጀመሪያው ቀን ሲባል ግን አፍ ማስዘጊያ ይሆናል። እኔ እንዲህ እለየዋለሁ፦ «ለበጎ ነው»ን ሰውየው ራሱ እስኪለው እጠብቃለሁ። ያኔ «አሜን» እላለሁ።

የኢዮብ ወዳጆች ጥሩ ማሳያ ናቸው። ሰው ሁሉ ይሰድባቸዋል፣ ግን አጀማመራቸው ግሩም ነበር። ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ፣ አንድ ቃል አልተናገሩም። የተበላሹት መናገር ሲጀምሩ ነው። ምክንያት ፈልገው፣ ጥፋት ፈልገው፣ ንግግር አሳምረው። በ16፥2 ላይ ኢዮብ «እናንተ ሁላችሁ የምታደክሙ አጽናኞች ናችሁ» ይላቸዋል። «የምታደክሙ አጽናኞች» የሚለው አባባል ወደ ዕለት ንግግራችን ቢገባ ደስ ይለኝ ነበር፣ የሚገባቸው ሰዎች አሉ።

የማታ አንባቢ፦
ኤልያስን ጨምሩበት። 1ኛ ነገሥት 19 ላይ ከክትክታ ዛፍ በታች ተኝቶ ነፍሴን ውሰድ ይላል። መልአኩ አይዞህ አላለውም! ስለ ዓላማው አልሰበከለትም። ዳሰሰውና «ተነሥተህ ብላ» አለው። በራሱ አጠገብ የተጋገረ እንጎቻና በማሰሮ ውኃ አለ። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩም አልተቆጣውም፣ እንደገና መጥቶ ዳሰሰውና ብላ አለው፣ መንገዱ ሩቅ ነውና። ትልቁ ንግግር በኮሬብ የመጣው ከበላና ከተኛ በኋላ ነው። ሰው ሆድ ሲብሰው መጀመሪያ በልቷል ወይ፣ ተኝቷል ወይ ማለት መንፈሳዊ አይደለም የሚሉ ሰዎች ይህን ምዕራፍ ቢያነቡት ጥሩ ነው።

ተጠራጣሪው፦
ይቺ ገባችኝ። እኔም ሳስበው ያን ጊዜ ያቆመኝ ጥቅስ የላከልኝ ሳይሆን በየሳምንቱ እየደወለ «ዛሬስ እንዴት ነህ?» የሚለኝ ሰው ነበር። «ዛሬስ» የምትለዋን ነው የወደድኳት። ትናንት የነገርኩትን አስታውሶ ነው የሚጠይቀኝ። እጸልይልሃለሁ ብሎም አያውቅም፣ እዚያው ስልኩ ላይ «እንጸልይ?» ብሎ ባጭሩ ይጸልያል፣ ይዘጋል።

አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። የሚደውል የሌለውስ? ለራስ አይዞህ ይባላል?

ግዕዝ ተማሪ፦
ይባላል እንጂ። «አይዞን» የምንለው እኮ ለዚህ ነው፣ ተናጋሪው ራሱንም ጨምሮ። መዝሙረኛው ደግሞ ነፍሱን በሁለተኛ መደብ ያናግራታል፦ «ነፍሴ ሆይ፥ ለምን ታዝኛለሽ? ለምንስ ታውኪኛለሽ?» ይህ አዝማች በመዝሙር 42 እና 43 ውስጥ ሦስት ጊዜ ይመጣል። አንዴ ተናግሯት አልሰማችውም ማለት ነው። በምሽት ከራሱ ጋር የሚያወራ ሰው አይፈር፣ ከጥንትም ያለ ነው። ባይሆን መዝሙረኛው ነፍሱን የሚያዳምጣት ብቻ ሳይሆን የሚመልስላትም መሆኑን አትርሱ።

አዲስ ገቢ፦
ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። የኔ ጥያቄ ሰዋስው ነው። ለትልቅ ሰው እንዴት ይባላል? ሰው ሁሉ የሚጽናናባቸው አንድ አባት አሉ፣ ሰሞኑን እሳቸው ደክመዋል። «አይዞህ» አይባሉ፣ «አይዞዎት» ስል ደግሞ አፌ ላይ አልመጣም፣ ታናሽ ታላቁን የሚያባብል ይመስላል።

ፊደል ወዳድ፦
«አይዞዎት» ትክክለኛ አማርኛ ነው፣ «አይዞዎት አባቴ» ሲባል ደግሞ ይለሰልሳል። ካልመጣልህ ወደ ምርቃት አዙረው፦ «እግዚአብሔር ያበርታዎት»። ያኔ የሚያበረታው አንተ አይደለህም፣ ስለዚህ ድፍረት አይመስልም። ሰው ሁሉ የሚደገፍባቸው ሰዎች እኮ ብዙ ጊዜ አይዞህ ባይ የላቸውም፣ ጠንካራ ናቸው ተብለው ይታለፋሉ። በነገራችን ላይ «ያጽናዎት» እንዳትላቸው፣ ማን ሞተ ብለው ይደነግጣሉ።