ከሞተሩና ከካምቢዮው መጋጠሚያ የሚንጠባጠብ ዘይት

ሰላም ወገኖች። መኪናዬ ቶዮታ ኮሮላ ናት፤ 2004 ሞዴል፣ ማንዋል ማርሽ። ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ከሥሯ ካርቶን ዘርግቼ አሳድራታለሁ። ጠዋት ካርቶኑ ላይ የቡና ሲኒ አፍ የሚያህል የዘይት እድፍ አገኛለሁ። በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ ሽቅብ ስወጣ ደግሞ የተቃጠለ ዘይት ይሸተኛል። ከጭስ ማውጫው ግን ሰማያዊ ጭስ አይወጣም።

የቫልቭ ሽፋኑ ጎሚኒ ተቀየረ። የኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) ቡሎኖችም ጠበቁ። ሞተሩን አሳጥቤ በጨርቅ አደረቅኩት። አሁን ከፊት በኩል ደረቅ ነው። ጠብታው ግን ከሞተሩና ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) መጋጠሚያ ሥር እንደገና ይንጠለጠላል።

መካኒኬ «የክራንክሻፍቱ የኋላ ፓራኦሊዮ ሄዷል፣ ካምቢዮ ይውረድ» ይላል፤ ክራንክሻፍት የሞተሩ ዋና ዘንግ ነው፣ ፓራኦሊዮ ደግሞ በዘንጉ ዙሪያ ዘይት እንዳያፈስ የሚይዘው ጎሚኒ። ሥራውን የሚያውቅ ልጅ ነው። ቢሆንም ካምቢዮ ማውረድ ቀላል ወጪ አይደለም፤ ከወረደ በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ያለው ፍሪሲዮንም አብሮ መታየት አለበት። ዘይት ከላይ ጀምሮ በሞተሩ ጀርባ ወርዶ እዚያው መጋጠሚያ ላይ ሊጠራቀም ይችላል። የሞተሩን ትንፋሽ የሚያስወጣው ቫልቭ ከተደፈነም ግፊቱ ዘይቱን በየጎሚኒው ይገፋዋል። ያኔ አዲስ ፓራኦሊዮ ቢገባም አይበረክትም። ይሄን ቫልቭ እስካሁን ያየው ሰው የለም።

ካምቢዮው ሳይወርድ፣ ዘይቱ በእርግጥ ከኋላው ፓራኦሊዮ እንደሚመጣ በምን ላረጋግጥ?