ፋየርዎሉን ሳላጠፋ የቤታችንን ኮምፒውተሮች ፋይል ማጋራት አልቻልኩም

የሳሎኑ ኮምፒውተር (ጠያቂ)፦
ጤና ይስጥልኝ። ቤታችን ሦስት ኮምፒውተሮች አሉ፤ ሳሎን ያለው ዴስክቶፕና የባለቤቴ ላፕቶፕ ዊንዶውስ 10 ናቸው፣ ልጃችን ደግሞ ላፕቶፕዋ ላይ ኡቡንቱ የተባለውን ሌላ ሥርዓተ ክወና ጭናለች። ከአልበም እያወጣሁ አንድ በአንድ ስካን ያደረግኋቸው የወላጆቼ ፎቶግራፎች በሙሉ ያሉት ዴስክቶፑ ላይ ነው። ፎልደሩን ሼር አድርጌው ባለቤቴ ከላፕቶፕዋ ታየው ነበር። ባለፈው ሳምንት ራውተሩ ተበላሽቶ በአዲስ ከተተካ ወዲህ ግን ላፕቶፑ ዴስክቶፑን ጭራሽ አያገኘውም። ኢንተርኔቱ በሁሉም ይሠራል። የዴስክቶፑን ፋየርዎል (ያልተፈቀደ ግንኙነትን የሚያግደውን መከላከያ) ሙሉ በሙሉ ሳጠፋው ፎልደሩ ወዲያው ይከፈታል፤ መልሼ ሳበራው ይዘጋል። ራውተሩን የተከለልኝ ባለሙያ «አጥፍተው ይተዉት» አለኝ። ልቤ አልፈቀደም። ምን ላድርግ?

ከባሕር ዳር፦
ከላፕቶፑ ወደ ዴስክቶፑ ፒንግ አድርገው (መልስ የሚጠይቅ አጭር መልእክት ልከው) ይሞክሩ። መልስ ካልመጣ ጥፋቱ የራውተሩ ነው።

ገመድ ዘርጊው፦
ወንድሜ፣ ፒንግ እዚህ ላይ ያሳስታል። የዊንዶውስ ፋየርዎል የፋይል ማጋራት ፈቃድ ሲዘጋ ፒንግንም አብሮ ይዘጋል፤ ስለዚህ መልስ ባይመጣም ራውተሩ ደኅና ሊሆን ይችላል። ደግሞም ጠያቂው የሚያስፈልገንን ፍንጭ ነግረውናል፤ ፋየርዎሉ ሲጠፋ ፎልደሩ ከተከፈተ ዋይፋዩም፣ ራውተሩም፣ ሼር የተደረገው ፎልደርም ጤነኛ ናቸው ማለት ነው።

ጠያቂው ሆይ፣ ፋየርዎሉን እባክዎ አያጥፉት። ዊንዶውስ የሚገናኘውን እያንዳንዱን ኔትወርክ «ፐብሊክ» ወይም «ፕራይቬት» ብሎ ይመዘግባል። የድሮውን ራውተር ፕራይቬት ብላችሁት ነበር፤ አዲሱን ግን ስለማያውቀው እንደ ሆቴል ዋይፋይ ቆጥሮ በሩን ዘግቷል። በሁለቱም የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች «ሴቲንግስ»፣ ከዚያ «ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት» ይግቡ፤ የተገናኙበትን ኔትወርክ «ፕሮፐርቲስ» ከፍተው ፕራይቬት የሚለውን ይምረጡ። ቀጥሎ በኮንትሮል ፓነል የማጋሪያ ቅንብሮች ውስጥ፣ ፕራይቬት በሚለው ሥር፣ «ኔትወርክ ዲስከቨሪ» እና «ፋይል ኤንድ ፕሪንተር ሼሪንግ» መብራታቸውን ያረጋግጡ። ፐብሊክ በሚለው ሥር ሁለቱም ጠፍተው ይቆዩ፤ ባለቤትዎ ላፕቶፑን ካፌ ይዘውት ሲሄዱ የሚጠብቃቸው እሱ ነው።

ሰርቨር ጠባቂዋ፦
በገመድ ዘርጊው ሐሳብ እስማማለሁ፤ ምክንያቱን ልጨምርበት። ዊንዶውስ ፋይል የሚያጋራው በፖርት 445 (የኔትወርክ ግንኙነት በሚገባበት ባለ ቁጥር በር) ነው። በግንቦት 2017 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በብዙ አገሮች ኮምፒውተሮችን የቆለፈው በዚሁ በር ገብቶ ነው። በፕራይቬት ኔትወርክ ላይ የዊንዶውስ ፋይል ማጋሪያ ደንብ በሩን የሚከፍተው በዚያው የቤት መረብ ላሉ መሣሪያዎች ብቻ ነው፤ ፋየርዎሉ ሲጠፋ ግን ይህ ገደብም አብሮ ይጠፋል። ማንም ቢመክርዎ ፖርት 445ን ራውተሩ ላይ ወደ ውጭ አይክፈቱ።

የሳሎኑ ኮምፒውተር፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! እንዳላችሁት ሁለቱም ፐብሊክ ላይ ነበሩ። ቀየርኩ፤ ፋየርዎሉ በርቶ እያለ ዴስክቶፑ በላፕቶፑ ላይ ታየ። አሁን ግን ስምና የይለፍ ቃል ይጠይቀኛል። ዴስክቶፑን የምከፍትበትን ባለ አራት አኃዝ ቁጥር ብሰጠው «ስሕተት ነው» ይለኛል።

ሰርቨር ጠባቂዋ፦
እሱ ፒን ነው። ፒን የሚሠራው ያንኑ ኮምፒውተር ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲከፍቱ ብቻ ነው፤ በኔትወርክ የሚፈለገው የአካውንቱ የይለፍ ቃል ነው። የይለፍ ቃል የሌለው አካውንትም በኔትወርክ አይገባም። እኔ የምመክርዎ ዴስክቶፑ ላይ ለማጋሪያ ብቻ የሚሆን ተራ አካውንት እንዲከፍቱ ነው፤ ስሙን በላቲን ፊደል ይጻፉት፣ ጠንካራ የይለፍ ቃልም ይስጡት። ከዚያ ፎልደሩን ለዚህ አካውንት «ሪድ» በሚለው ፈቃድ ብቻ ሼር ያድርጉ። የወላጆች ፎቶ ነው፤ አንድ ሰው በስሕተት ቢነካው እንዳይጠፋ። ከላፕቶፑ ሲገቡ የዴስክቶፑን ስም፣ ወደ ኋላ ያዘመመ መስመር፣ ከዚያ የአካውንቱን ስም አከታትለው ይጻፉ።

የሳሎኑ ኮምፒውተር፦
ተከፈተ! አባቴ በወታደር ልብስ የተነሣው ፎቶግራፍ ማዕድ ቤት ባለው ላፕቶፕ ላይ ወጣ፤ ባለቤቴ ሽንኩርቱን ትታ መጣች። የልጄ ኡቡንቱስ? እሷ ጋ ዴስክቶፑ አይታይም።

ከባሕር ዳር፦
ስለ ፒንጉ ተምሬያለሁ፤ አመሰግናለሁ። ኡቡንቱን ግን በየቀኑ እጠቀመዋለሁ። የእሷን ፋየርዎል መንካት አያስፈልግም፤ ከእሷ ወደ ውጭ የሚወጣውን ጥያቄ አይከለክልም። የፋይሎችን መስኮት ከፍታ ኮንትሮልና ኤልን አንድ ላይ ትጫን፤ በሚመጣው ሳጥን ውስጥ ኤስ፣ ኤም፣ ቢ የሚሉትን የላቲን ፊደላት፣ ኮለን፣ ሁለት ወደፊት ያዘመሙ መስመሮች፣ ከዚያ የዴስክቶፑን አይፒ አድራሻ (በቤቱ መረብ ውስጥ የሚታወቅበትን ቁጥር) ጽፋ ያንኑ አካውንት ትስጥ። እምቢ ካላት የተገናኘችበትን ዋይፋይ እዩ፤ ለእንግዳ የተለየው ከሆነ ብዙ ራውተሮች ከቤቱ ኮምፒውተሮች ጋር አያገናኙትም።

የሳሎኑ ኮምፒውተር፦
የእንግዳው ዋይፋይ ላይ ነበረች! ወደ ዋናው ስትዛወር ሠራላት።

ገመድ ዘርጊው፦
አንድ ነገር ብቻ። መብራት ጠፍቶ ራውተሩ እንደገና ሲነሣ የዴስክቶፑ አይፒ አድራሻ ሊቀየር ይችላል፤ ያኔ ልጅዎ የጻፈችው አድራሻ አይሠራም። ራውተሩ ውስጥ «ዲኤችሲፒ» በሚለው፣ ለኮምፒውተሮቹ አድራሻ በሚታደልበት ገጽ፣ አድራሻውን ለዴስክቶፑ አስይዙት።