ለሎስ አንጀለስ እሳት ከማኅበራችን ሣጥን እናውጣ ወይ?

ከሲያትል፣ የማኅበር ገንዘብ ያዥ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ምክር ፈልጌ ነው የምጽፈው። እዚህ 40 የምንሆን ሴቶች ማኅበር አለን። በየወሩ 20 20 ዶላር እናዋጣለን። ሐዘን ሲደርስ፣ አራስ ስንጠይቅ፣ ሰው ታሞ ሥራ ሲያቆም የምናወጣው ከዚያው ነው። አሁን ሣጥናችን ውስጥ 6,000 ዶላር ገደማ አለ። ባለፈው እሁድ አንዷ እህታችን ተነሥታ ለሎስ አንጀለስ እሳት ተጎጂዎች 2,000 ዶላር እንስጥ አለች። በዕድሜ የምትበልጠን እናታችን ደግሞ «እኔ ከሰጠሁ ለእህቴ ልጆች ነው። አሜሪካ እኔን ትርዳኝ እንጂ እኔ አሜሪካን ልርዳ?» አሉ። ከዚያ ወዲህ መደማመጥ ቀረ። ድምፅም ሳንሰጥ፣ በረካውም ሳይጠጣ ተበተን። በሚቀጥለው ወር መልስ ይዤ መቅረብ አለብኝ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?

ከዳላስ

እህቴ፣ እኔ ከእናታችን ጋር ነኝ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ጎፋ ላይ መሬት ተንሸራቶ ከ250 በላይ ሰው ሞተ። መጀመሪያ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ጎረቤቶች ናቸው በሁለተኛው ናዳ ያለቁት። በአካፋና በባዶ እጅ ሲቆፍሩ ሁላችንም በስልካችን አይተናል። ይኸው በ2017 ደግሞ በአፋር በፈንታሌና በዶፈን በኩል መሬቱ እየተንቀጠቀጠ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቤቱ ወጥቷል። የሎስ አንጀለሱ እሳት በተነሣበት በዚያው ሳምንት ማለት ነው! የትኛው ነው በዜና ሌሊትና ቀን የታየው?

ለሎስ አንጀለስ ጥር 22 ቀን አንድ ምሽት ኮንሰርት ተደርጎ ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር ይገኝበታል ተብሏል። የእኛ 2,000 ዶላር እዚያ የአንድ ወር የቤት ኪራይ አይሞላም። ጎፋ ቢላክ ግን ቤት ያቆማል። አሜሪካ ሀብታም ሀገር ናት፤ ፌማም፣ የመንግሥቱ የአደጋ እርዳታ መሥሪያ ቤት፣ ለሁሉም ይሰጣል። ጭካኔ አይደለም ይሄ፣ ሒሳብ ነው። ሀገር ቤት ላለው ወገን ከእኛ ሌላ የሚደርስለት ስለሌለ ነው።

ከሂውስተን

በፈረንጆች 2017 ሃርቪ የተባለው አውሎ ነፋስ ሲመጣ እኛ ቤት ውኃው እስከ ወገቤ ነበር። የቤት ኢንሹራንስ አለኝ ብዬ ተማምኜ ነበር፤ ለካ ጎርፍ ለብቻው ነው የሚገዛው። ሰፈራችን ውስጥ እሱን የገዛ ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። አንድ ነገር ብቻ ልበላችሁ፦ ልብስ አትላኩ። ከየስቴቱ በካርቶን የመጣ የክረምት ካፖርት ነሐሴ ላይ አዳራሹን ሞልቶት፣ የሚለየው ሰው ጠፍቶ፣ ሰው የሚተኛበት ቦታ ተይዞ ነበር። እኔን ያተረፈኝ አንድ የማላውቀው ሰው በቤተ ክርስቲያን በኩል በፖስታ የሰጠኝ 300 ዶላር ነው። የታክሲዬን ጎማና ባትሪ አድርጌበት ሥራ ጀመርኩ።

ከፓሳዲና

የዳላሱ ወንድሜ፣ ያልከው ሁሉ እውነት ነው። ለጎፋ እኔም ልኬያለሁ። ግን እሳቱ አጠገብ ስለሆንኩ ያየሁትን ልንገርህ።

እሳቱ የተነሣው በገና ቀን ነው፣ ታኅሣሥ 29። ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን አድረን፣ ቀን ተኝተን፣ ማታ ቤተሰብ ተሰብስቦ ዶሮው ቀርቦ ነበር። ነፋሱ ከጠዋት ጀምሮ መስኮቱን ይደበድባል። 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ልጄ በረንዳ ላይ ወጥቶ «ማሚ፣ ተራራው» አለኝ። ከኢተን ካንየን በኩል መስመር ሆኖ ይታያል፣ ቀይ። እንጀራው ላይ አመድ እስኪያርፍ ድረስ ከማዕዱ አልተነሣንም። ይደርሳል ብለን አላሰብንም።

ጓደኛዬ አጠገባችን ባለችው በአልታዲና፣ በምዕራቡ ወገን የጓሮ ክፍል ተከራይታ ነው የምትኖረው። ሌክ አቬኑ ከሚባለው መንገድ በስተ ምሥራቅ ያሉት ማታውኑ ውጡ ተብለዋል። ለእነሱ ሰፈር ትእዛዙ የመጣው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ቤቶች መንደድ ከጀመሩ ቆይተዋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በኢተን እሳት ሞቱ የተባሉት 17 ሰዎች የተገኙት በዚያ በምዕራቡ ወገን ነው፣ አብዛኞቹ ሽማግሌና አካል ጉዳተኛ። እሷ ስልኳንና የልጅዋን ጃኬት ይዛ ወጣች። ከ9,000 በላይ ሕንፃ ነው ያለቀው።

አሁን «ሀብታም ሀገር» ወደሚለው ልምጣ። እኔ የምሠራው ሆም ኬር ነው። የምንከባከባቸው እናት 84 ዓመታቸው ነው፣ ጥቁር አሜሪካዊት። ቤታቸውን የገዙት ጥቁር ሰው በሌላ ሰፈር ቤት እንዳይገዛ በሚከለከልበት ዘመን ማግሥት ነው፤ አልታዲና ምዕራቡ ገዝተው የገቡበት ሰፈር ስለነበር። ከዚያ ወዲህ ልጅ ወልደው አሳድገው፣ ባላቸውን ቀብረው ኖረዋል። ቤቱ በወረቀት ሚሊዮን ዶላር ያወጣል። ኑሯቸው ግን በሶሻል ሴኩሪቲ፣ በመንግሥት ጡረታ ነው። የባንክ ዕዳ ከጨረሱ በኋላ ኢንሹራንስ ግዙ ብሎ የሚያስገድድ የለም፤ ዋጋው በየዓመቱ ሲጨምር ተውት። አሁን መሬቱ አለ፣ በላዩ ላይ ጭስ ማውጫው ቆሟል። ለዚህ እሳት ፌማ ለቤት ቢሰጥ ከ43,600 ዶላር አያልፍም። በዚህ ገንዘብ ካሊፎርኒያ ውስጥ ጣሪያ አይሠራም።

ጓደኛዬ ደግሞ ከዚህ ትብሳለች። ወርክ ፐርሚት አላት፣ ታክስ ትከፍላለች፣ የአሳይለም (የጥገኝነት) ኬሷ ግን ገና አልተወሰነም። ፌማ የገንዘብ እርዳታ የሚሰጠው ለዜጋ፣ ግሪን ካርድ ላለው፣ ለተፈቀደለት ስደተኛ ነው። ጉዳዩ በመጠባበቅ ላይ ያለ ሰው በዚህ እሳት ለዕለት መቆያ ተብላ የምትሰጠውን 770 ዶላር እንኳ አያገኝም። ልጅዋ እዚህ ተወልዶ ቢሆን በእሱ ስም ማመልከት ትችል ነበር፤ ግን አዲስ አበባ ነው የተወለደው። ፓሳዲና አዳራሽ ውስጥ ቀይ መስቀል ወረቀት ሳይጠይቅ አልጋና ምግብ ሰጥቷታል፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ከዚያ በኋላስ? የምታጸዳቸው ሦስት ቤቶችም አብረው ተቃጥለዋል። ሥራዋ ሄደ። ቤቱ ስላልተቃጠለ «ተጎጂ» የማይባል፣ እንጀራው ግን የተቃጠለበት የእኛ ሰው ብዙ ነው፦ ልጅ ጠባቂ፣ ጽዳት ሠራተኛ፣ እንደኔ አረጋዊ የሚንከባከብ።

ሰፈሩ ሲከፈት አብሬያት ሄድኩ። ጭምብል አድርገን አመዱን በወንፊት ነፋን። የአሉሚኒየም ድስቷ ቀልጦ እንደፈሰሰ ሊጥ መሬት ላይ ረግቷል። የምትፈልገው ድስት አልነበረም። ለኬሷ ያሰባሰበችው ማስረጃ በአንድ ቢጫ ፖስታ ውስጥ ነበር፦ የሕክምና ወረቀቷ፣ ከደሴ የመጣው የትምህርት ማስረጃዋ፣ በእጅ የተጻፉ ደብዳቤዎች። ሁለት ሰዓት ነፍተን የአንድ ማኅተም ጠርዝ እንኳ አላገኘንም። እዚያው አመዱ ላይ ተቀመጠች።

እህቴ ከሲያትል፣ ስለዚህ ለትልቁ ድርጅት ላኩ አልልሽም። እዚያ እውነትም የእናንተ ገንዘብ ጠብታ ነው። መንግሥትም ኢንሹራንስም ኮንሰርትም የማይደርሱበት ሰው ጋ ላኩ። የኪራይ ማስያዣ ነው አሁን ሰውን የያዘው። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ እስካለ ድረስ ኪራይ ከ10 በመቶ በላይ መጨመር በካሊፎርኒያ ሕግ ክልክል ነው፤ ግን አከራዩ አሥር ሰው ሲሰለፍለት ግሪን ካርድና ጥሩ ክሬዲት (የብድር ታሪክ) ያለውን ይመርጣል። አንድ 500 ዶላር ያንን በር ይከፍታል። ደግሞ አትቸኩሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ሳንድዊች እየተረፈ ይጣል ነበር። አሁን በሁለተኛው ወር ማንም ስልክ አይደውልም።

ጎ ፈንድ ሚ በሚባለው የገንዘብ ማሰባሰቢያ ድረ ገጽ ላይ ያየሽውን ሁሉ አትመኚ፤ የሌላ ሰው ፎቶ ለጥፈው የሚለምኑ አሉ። ሰውዬውን በአካል የሚያውቅ ሰው በስልክ ካላገኘሽ እለፊው። ድርጅት ከሆነ ስሙን በአይ አር ኤስ (በፌዴራሉ የግብር መሥሪያ ቤት) ድረ ገጽና በካሊፎርኒያ ዐቃቤ ሕግ መዝገብ ፈልጊ። ለግለሰብ የሚሰጥ ከታክስ አይቀነስም፤ አባሎችሽ ኋላ እንዳያዝኑ አስቀድመሽ ንገሪያቸው።

ከዳላስ

የፓሳዲናዋ እህቴ፣ ስለ አሳይለሙ ነገር አላውቅም ነበር። ፌማ ለሁሉም ይሰጣል ብዬ ነው የተናገርኩት። በሣጥኑ ላይ ግን አቋሜን አልቀየርኩም። ለሐዘንና ለሕመም ብለው ያዋጡትን፣ ግማሹ ሰው ሳይስማማ ማውጣት ማኅበር ያፈርሳል። የሚፈልግ ከኪሱ ያውጣ። ለጓደኛሽ 100 ዶላር ከእኔ አለ፣ በውስጥ መስመር አናግሪኝ።

ከዋሽንግተን

ልጆቼ፣ «ድሃ ለሀብታም ይሰጣል ወይ» ስትሉ የትዝታ ነገር መጣብኝ። በ1985 እንደ ፈረንጆች ነው፣ እኛ በረሃብ የዓለም መነጋገሪያ በነበርንበት ዓመት። ያኔ ሜክሲኮ ሲቲን የመሬት መንቀጥቀጥ መታት። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል 5,000 ዶላር ላከ። ሰው ሁሉ ግራ ገባው። ምክንያቱ ጣልያን ሲወረን ሜክሲኮ ከጎናችን ቆማ እርዳታ ልካ ስለነበር ነው። አዲስ አበባ ሜክሲኮ አደባባይ ስታልፉ ይህን አስታውሱ፤ እነሱም ዘንድ ኢትዮጵያ የሚባል የሜትሮ ጣቢያ አለ። በ77 ደግሞ እኛን ያበሉን እነማን እንደነበሩ እኔ በዓይኔ ያየሁ ነኝ፤ ከአሜሪካ ከትንንሽ ከተማ ያሉ አብያተ ክርስቲያናት፣ ተማሪዎች ሳይቀሩ ነበሩ። ከነሱ ውስጥ አልታዲና የነበረ ሰው አይጠፋም። የጎፋውን አስቀድሙ፤ የጎረቤትን ግን አትለፉት።

ከሲያትል፣ የማኅበር ገንዘብ ያዥ

እጅ ነሥቻለሁ ለሁላችሁም፣ በተለይ የዋሽንግተኑ ጋሼ ለእርስዎ። ትናንት ተሰበሰብን። የፓሳዲናዋን እህት ጽሑፍ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ሣጥኑ እንዳይነካ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ከዚያ የቡና ረከቦቱ አጠገብ ሁለት ሳህን አስቀመጥን፣ አንዱ ለሀገር ቤት፣ አንዱ ለአልታዲና። ማንም የማንንም እጅ እንዳያይ ጨርቅ አለበስናቸው። ስንቆጥር ለሀገር ቤት 910፣ ለአልታዲና 640 ዶላር ወጣ። የመጀመሪያውን ቀን «አሜሪካን ልርዳ?» ያሉት እናታችን ማስረጃዎቹ ስለተቃጠሉባት ልጅ ከሰማሁ ጀምሮ እንቅልፍ አልወሰደኝም ብለው ከሁለቱም ሳህን ጣሉ።

እህቴ፣ ሌላም ነገር አለ። አንዷ አባላችን ወንድሟ ደሴ መምህር ነው። ጓደኛሽ ፈቃደኛ ከሆነች የውክልና ወረቀት ልካ የትምህርት ማስረጃዋን ሄዶ ሊያወጣላት ይችላል። ስሟን እዚህ አትጻፊ። ትምህርት ቤቱንና የጨረሰችበትን ዓመት በውስጥ መስመር ላኪልኝ፣ ሰኞ ጠዋት ይሄዳል።