ጥቆማ፦ ጆርጅ ሉዊስን ከየትኛው ሸክላ ልጀምር?

የማታ አድማጭ፦ ሰላም ወገን። የድሮው የኒው ኦርሊንስ ክላርኔት ይዞኛል፣ በተለይ ጆርጅ ሉዊስ። ከየቱ ሸክላ ልጀምር? ደግሞ በሚቀጥለው ወር ለአንድ ማታ እዚያው ከተማ ነኝ። ፕሪዘርቬሽን ሆል የሚባለው የጃዝ ቤት ልሂድ ወይስ የሙዚቃ ክለቦች ያሉበት ፍሬንችመን ጎዳና?

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ሸክላ ኦንላይን እንዳትገዛ! 40 ዶላር ከፍዬ የመጣልኝ ጠርዙ እንደ ደረቀ እንጀራ ተጠቅልሎ ነው። ክላርኔቱ እንደ ሰከረ ሰው ይንገዳገዳል። መልሱልኝ ስላቸው «ፀሐይ ላይ ትተኸው ይሆናል» አሉኝ። በጥር!

ቦሌ፦ የኔ በሰው ሻንጣ መጥቶ ለሁለት ተሰብሮ ደረሰ።

ፒያሳ ያደግኩ፦ ምን ያስጨንቃችኋል፣ የኔ ሰውዬ ጋ ሂዱ። 20 ዓመት አውቀዋለሁ፣ የሌለው ሸክላ የለም።

ቦሌ፦ ጆርጅ ሉዊስ አለው?

ፒያሳ ያደግኩ፦ ጠይቄው አላውቅም። ግን አያጣም።

ዘራፍ፦ ሽለላን በሳክስፎን የነፋው ጌታቸው መኩሪያ እያለ ምን አሜሪካ ያስኬዳል?

ጨው በረንዳ፦ ክላርኔት ለጠየቀ ሳክስፎን። ጎበዝ፣ ነገ በግ ሲፈልግ ደግሞ ዶሮ ጠቁሙት።

እማማ ጃዝ፦ ልጄ፣ እነሱን ተዋቸው። እ.ኤ.አ. ከ1944ቱ ቅጂዎች ጀምር። ሉዊስ ያኔ የወደብ ሠራተኛ ነው። ሥራ ላይ ደረቱን ተጎድቶ ቤት ሳለ ጓደኞቹ ባንጆና ቤዝ ይዘው መጡ። «በርገንዲ ስትሪት ብሉዝ» እዚያው ቤቱ ተቀዳ። ዊልያም ራስል ነው የቀዳው። ኖታ አያነብም ነበር፤ አንዳንዴም ከቅኝት ይወጣል። ይውጣ! በ1960ዎቹ ጃፓን ድረስ ሲዞር ከተቀዱት ጥርት ያሉ ሸክላዎች እኔ ይችን አስበልጣለሁ።

ፕሪዘርቬሽን ሆል በ1961 ሲከፈት ጀምሮ ሉዊስ ይነፋበት የነበረ ቤት ነው። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ መጠጥ አይሸጥም፣ ብዙው ሰው ቆሞ ይሰማል፣ በ45 ደቂቃ ገደማ ያልቃል። እየጠጣህ ማምሸት ካማረህ ፍሬንችመን። ክላርኔት ነፊው ማይክል ዋይት የሚጫወትበት ቀን ከገጠመህ ግን ሌላውን ሁሉ ተው። የዚያ መንገድ ወራሽ እሱ ነው። በ2005 የካትሪና ጎርፍ ያጠራቀማቸውን አሮጌ ክላርኔቶች ወሰደበት፣ እሱ አሁንም ያንኑ ይነፋል።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ እማማ፣ የተጠቀለለ ሸክላስ ይቃናል?

እማማ ጃዝ፦ ሁለት መስታወት መሃል አድርገህ መጽሐፍ ጫንበት። አንዳንዱ ይመለሳል።

ፒያሳ ያደግኩ፦ የኔ ሰውዬ በአንድ ቀን ያቃናልህ ነበር።